ከቱቲ ያመጣኋት ልጅ

ልጄን በቱልን ከደሴቱ አውጥቼ ለማምጣት የሄድኩት በነሐሴ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ያኔ ድልድዩ አልተሠራም። ቱቲ በከተማው መሐል ተቀምጣ፣ ካርቱምም ኦምዱርማንም የእኛው ከተማ ባሕሪም በየአቅጣጫው እያዩዋት፣ በጀልባ ካልሆነ አትደረስም ነበር። በሌላ ጊዜ ጀልባዋ ላይ ሰው፣ ፍየል፣ የሎሚ ጆንያና ጭቅጭቅ አይጠፋም። የዚያን ቀን ወደዚያ የሚሻገር እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሐበሾቹ ዘንድሮ ጨክነውብናል» አለኝ ጀልባ ነጂው ዚያዳ። «አፈራቸውን ሲልኩልን ኖሩ፣ እሰየው አልን። አሁን ዛፉንም ከብቱንም ጨምረው መላክ ጀመሩ።»

እውነቱን ነው። አንድ ትልቅ ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ በአጠገባችን አለፈ። ከቅርንጫፉ መሐል ሆዱ የተነፋ በሬ ተሰንቅሮ፣ በሬው ላይ ሁለት ነጫጭ ወፎች ቆመው ነበር። ዚያዳ ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቀም። ዛፉ እስኪርቅ ድረስ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ በዓይኑ ሸኘው።

«ዝም ብለህ ንዳ!» ብዬ ጮህኩበት።

እኔ እንዲህ ነኝ፤ ስፈራ እቆጣለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ድሬሰር ሆኜ ቁስል ሳጥብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ሰውን የሚገድለው «ምንም አይደለም» የተባለው ነገር እንደሆነ በዚያ ተምሬአለሁ። የቱቲ ሰዎች ደግሞ ስለ ወንዙ ስትጠይቃቸው «ምንም አይደለም» ነው መልሳቸው። በቱል አንድያ ልጄ ናት። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ይኸኛው ስምንተኛ ወሩን ይዟል፤ ቤቷም ከወንዙ ዳር ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። እንግዲህ እኔን ሰነፍ ፈሪ የሚለኝ ካለ ይበለኝ።

ከጀልባው ወርጄ በሎሚው አትክልት መሐል ሄድኩ። ዛፎቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል፤ ፍሬው ግን እንደ ወትሮው ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ከማህዲያ ዘመን የቀረው የጭቃ ምሽግ አጠገብ ሴቶች አሸዋ በጆንያ ይሞላሉ። አንዷም አታወራም። የቱቲ ሴት ሥራ ይዛ ዝም ስትል በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። በአንድ አጥር ላይ አምስት እባብ ተገድሎ ተሰቅሏል። ጉድጓዳቸው ውሃ ሲገባበት ወደ ሰው ቤት ይመጣሉ ማለት ነው።

አማቼን ሙዘሚልን፣ የበቱልን ባል፣ ያገኘሁት በዳርቻው ላይ፣ በዘንባባ ቅጠል በተሠራች ዳስ ውስጥ ነው። ደሴተኞቹ ጣያ ይሉታል፤ ወንዙ ሲሞላ የሚቆም ዘብ ነው። ዳርቻው በየቤተሰቡ ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ዘር የራሱን ቁራጭ ይጠብቃል፤ የአፈሩን ጠባይ ከአያቱ ተምሮ ያውቀዋላ። ዘቡ በትር ይይዛል። መሄድ ካለበት በትሩን ከራሱ ዘር ለሆነ ሰው በእጁ ያስረክባል እንጂ ጥሎ አይሄድም። ባዕድ ደግሞ ቢሞት አይነካውም።

ከሙዘሚል ጋር አጎቱ ሐጅ ባቢክር ተቀምጠዋል። ሰማንያ የሚጠጉ፣ ቀኝ ዓይናቸው ነጭ የሆነ፣ ግራውም የደበዘዘ፣ አፋቸው ግን ያላረጀ ሰው ናቸው።

«አህላን ድሬሰሩ!» አሉ። «ቁስል ልታጥብ ነው የመጣኸው? የእኛ ቁስል ይኸውና፣ ሰማያዊ ዓባይ ይሉታል፣ መልኩ ግን የቡና አተላ ነው።»

«በቱልን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩ። ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም።

ሙዘሚል ከመቀመጫው ተነሣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቆሜ ሳለሁ አይቀመጥም፣ እንደ አገሩ ደንብም አጎቴ ይለኛል። «አጎቴ፣ ሌላ ቀን ቢሆን በጀርባዬ አዝዬ አመጣልዎት ነበር» አለ። «አሁን ግን ጣያው ቆሟል። የዘቡ ሚስት ጓዟን ይዛ ስትሄድ የታየች ቀን፣ ማን ይቀራል? ሁሉም ሚስቱን ይዞ ወደ ጀልባው ነው። ዳርቻው በማን ይጠበቃል?»

«ውሃው ቢገባስ?»

«አይገባም። እኛ አለን።»

«የባሕሪ ሰው» አሉ ሐጅ ባቢክር፣ «ውሃ የሚያውቀው በብርጭቆ ነው። ተወው፣ ይፍራ። ፍርሃት የአባት ደንብ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከእግራችን ሥር ውሃው ዳርቻውን ሲልስ ይሰማኛል። አልፎ አልፎ የአፈር ቁራጭ ተንዶ ሲገባ ድምፁ ሰው የሚውጥ ይመስላል።

ቤት ስገባ በቱል ኪስራ እየጋገረች ነበር። ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ወደ እኔ መጣ። አቅፋኝ፣ ግንባሬን ስማኝ፣ ዓይኔን አይታ ገባት።

«አባዬ፣ አልሄድም። ለዚህ ከሆነ የመጣኸው ብላና ሂድ።»

«ማን ሂጂ አለሽ?»

«ፊትህ።»

ተቀመጥኩ። አቀረበችልኝ፣ በላሁም። እየበላሁ ሳለ ከጠፍር አልጋው ሥር ያለውን ግድግዳ አየሁት። ከመሬት እስከ ሁለት ክንድ ድረስ ጠቁሯል። እጄን ዘርግቼ ነካሁት፤ ጭቃው እንደ ትኩስ ሊጥ ገባልኝ። ውሃው በላይ አልመጣ እንጂ በሥር ቤቱ ውስጥ ገብቷል።

«ይኼን አይታችሁታል?»

«በየዓመቱ ያልበዋል። ምንም አይደለም» አለች ልጄ።

ይህችን ቃል ስሰማ ነው ውሸቱ ከአፌ የወጣው። አስቤበት አልነበረም። ማንም ያምነኛል ብዬ ሳይሆን ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን እዋሻለሁ። እንደሚያምኑኝ አውቄአለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ።

«እናትሽ ታማለች» አልኩ።

ዘወር አለች። «እማዬ? ምን ሆና?»

«ትናንት ጠዋት ግራ እጇ አልታዘዝ አላት። አፏ ወደ አንድ ጎን ዞሯል። ደም ግፊቷን ለካሁት፤ ቁጥሩን አልነግርሽም። ስምሽን ነው የምትጠራው።»

ድሬሰር መሆን ለዚህ ጠቀመኝ። በሽታውን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ሲትና፣ ሚስቴ፣ ያን ጠዋት ስወጣ ጣሪያ ላይ ወጥታ ልብስ እያሰጣች ከጎረቤት ጋር ትሳደብ ነበር። በቱል መጋገሪያውን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ድምፅ ሳታሰማ እንባዋ ወረደ። ከአንጀቷ ነው። ያን ጊዜ ልተወው እችል ነበር። «ተሽሏታል እኮ» ብል ይበቃ ነበር። አላልኩም።

ሙዘሚል እንደሰማ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም። «የታመመ መጠየቅ ከወንዝ ይቀድማል» አለ። በቱቲ ይህ ሕግ ነው፤ ቤቱ እየነደደም ቢሆን የታመመ ዘመድ የማይጠይቅ ሰው የለም። ይህንን ሕግ ነው እንደ በር ከፍቼ የገባሁበት። «ጓዟን እኔ እስከ ጀልባው እይዝላታለሁ። በዚህ ጭቃ ብቻዋን አትሄድም። እስክመለስ ግማሽ ሰዓት ነው።»

በትሩን ለማን ይስጥ? ወንድሞቹ ሁለቱም ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ናቸው። ከጎናቸው ያለው ዳርቻ ዘብ፣ ትከሻው እንደ ግንብ የሆነ ጎረምሳ፣ «ለእኔ ስጠኝ፣ ሁለቱንም አያለሁ» አለ። ሐጅ ባቢክር ተቆጡ።

«የእኛ ዳርቻ የእኛ ነው! ባቢክር ገና አልሞተም። አምጣ ወዲህ።»

«አጎቴ፣ ዓይንዎት…»

«ወንዙን በጆሮዬ ነው የማየው። ባልወለድክበት ዘመን በትር ይዣለሁ። ሂድ፣ አማትህን አስጠይቅ፣ አፍያ ይስጣት።»

ሙዘሚል በትሩን በሁለት እጁ ሰጣቸው። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እኔ ቆሜ አየሁ። የቀኝ ዓይናቸውን ነጭነት አየሁ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ሙዘሚል ከቦታው አይነቃነቅም ነበር። ልጄ ግን ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ ነበር፤ እግሯ አብጧል። አፌን ዘጋሁ።

በመንገድ ላይ ያገኘነው ሁሉ ቆመ። ሙዘሚል የሚስቱን ጓዝ ተሸክሞ ሲያዩ ፊታቸው ይከስላል፤ ምክንያቱን ሲነግራቸው ደግሞ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። «አላህ ይማርልሽ!» «ለሲትና ሰላም በሉልን!» እኔን በተለይ እየጨበጡ አጽናኑኝ። አሸዋ የሚሞሉት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ዱዓ አደረጉልኝ። «አሚን» አልኩ። ስንት ጊዜ አሚን እንዳልኩ ቆጥሬው አላውቅም።

ጀልባዋ ስትነሣ ሙዘሚል ጭቃው ውስጥ ቆሞ፣ «ውሃው ጎደል ሲል እመጣለሁ ብለሽ ለእናትሽ ንገሪልኝ!» ብሎ ጮኸ። በቱል እጇን አነሣች። እኔ በደስታ ልሞት ነበር፤ አልደብቅም። ዳሩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ደረቴ ቀለለኝ። ወንዙ ወደፈለገው ይሂድ፣ ልጄ እጄ ውስጥ ናት አልኩ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው የሚሉት እንዲህ ያለውን ይሆናል።

ቤታችን የደረስነው ከሰዓት በኋላ፣ ከአሱር ሶላት ቀጥሎ ነው። ሲትና ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ልጇን ስታይ ትሪውን ወርውራ ብድግ አለች፤ እልልታዋን ለቀቀችው። ሁለት እጇን ዘርግታ ስትሮጥ በቱል እናቷን አላቀፈችም። ግራ እጇን ያዘችና አገላብጣ አየችው። ከዚያ ፊቷን፣ ከዚያ አፏን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ምንድነው?» አለች ሲትና። «ምን ነካችሁ?»

«ታመሻል ተብዬ ነው የመጣሁት። ልትሞቺ ነው ተብዬ።»

ሲትና ለጊዜው አልገባትም። ሲገባት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ስትጮህ ነው የማታስፈራው እሷ። «በቁሜ ቀበርከኝ?» አለችኝ። «በቱቲ ሰው ፊት በቁሜ ቀበርከኝ?»

«ልጅሽን ላድን ነው! ግድግዳውን ብታዪው…»

አልጨረስኩትም። ከወንዙ ማዶ ነጋሪቱ ተመታ።

በባሕሪ ያደገ ሁሉ ያን ድምፅ ያውቀዋል። ዳርቻው ተሰብሯል፣ በእጅህ ያለውን ይዘህ ና ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወደ ዳር ወጣ። በቱል ከእኛ ቀድማ ደርሳ ነበር። ከማዶ ሰው ሲራወጥ ይታያል፤ ድምፁ ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይሰማም። በር ነቅለው የተሸከሙ ሰዎች አየን፤ የገዛ ቤታቸውን በር ነቅለው ወደ ቀዳዳው ይሮጣሉ። የሚሻገር ጀልባ አልነበረም። ልጄ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆመች። ልነካት ፈራሁ።

ወሬውን በማግስቱ ያመጣልን ዚያዳ ነው። ጀልባዋን አስሮ በራችን ላይ ቆመ፤ አልገባም አለ። የተሰበረው የሙዘሚል ዳርቻ ነው። ውሃው በላይ ሳይሆን በሥር፣ እጅ በምታህል ቀዳዳ ነው የጀመረው። ማየት የሚችል ሰው በአንድ ጆንያ ይደፍነው ነበር። ሐጅ ባቢክር የሰሙት አፈሩ መናድ ሲጀምር ነው። ቢጮኹ ድምፃቸው አልደረሰም። ስለዚህ የድሮ ሰዎች ያደርጉ የነበረውን አደረጉ፤ ገብተው ጀርባቸውን ለቀዳዳው ሰጥተው ተቀመጡ። ያ ጎረምሳ ዞር ብሎ አይቶ እስኪሮጥ ድረስ ውሃውን በጀርባቸው ያዙት። ከዚያ ዳርቻው በላያቸው ተናደ። ሙዘሚል ከጀልባው ሲመለስ የደረሰው በዚያች ሰዓት ነው። ስምንት ቤት ፈርሷል፤ አንዱ የእሱ ነው።

«አላህ ይወዳችኋል» አለ ዚያዳ በቱልን እያየ። «እዚያ ብትሆኚ ኖሮ! የእናትሽ ሕመም አዳነሽ።»

እሱ ሲሄድ እኔ የሰማሁት ይቺን ብቻ ነበር። «አየሽ?» አልኳት። «ቤትሽ የለም። ልክ ነበርኩ፣ አልነበርኩም?»

ነጋሪቱ ከተመታ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ።

«ሙዘሚል ቦታው ላይ ቢሆን ይሰበር ነበር?»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ፤ ላፈሰሰው ሰው ግን ምን እንደሚሻለው የሚናገር ተረት አላገኘሁም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የውጭ በራችን ተንኳኳ። በቀዳዳው አየሁ። አሥራ ሁለት ወንዶች፣ የቱቲ ወንዶች። ጀለቢያቸው እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ኢማማቸው ከፊት፣ ከጎኑ ሙዘሚል። ዓይኑ አብጦ ፊቱ ግማሽ ሆኗል። ሰው በቀበሩ በሦስተኛው ቀን፣ ቤታቸው ውሃ ውስጥ ሳለ፣ ወንዙን ተሻግረው የመጡት ለምን እንደሆነ ገባኝ። ሲትናን ሊጠይቁ ነው።

«ተኚ» አልኳት ሚስቴን። «እባክሽ፣ የአላህ ያለሽ፣ አልጋው ላይ ተኚ።»

«ለአንተ ውሸት? ወላሂ አልተኛም። እኔው ነኝ በሩን የምከፍተው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ይጥራ!»

በቱል ከማዕዘን ተነሣች። «ተኚ እማዬ» አለች። «ለእሱ አይደለም። ሐጅ ባቢክር ለውሸት እንደሞቱ እንዳይሰሙ ነው። ይህን ከሰሙ በምን ይጽናናሉ?»

ሲትና ልጇን አየቻት። ከዚያ ሄዳ ተኛች፤ የለበሰችውን ቶብ እንደ ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ሳበች። እንባ በጆሮዋ ላይ ይወርድ ነበር፤ ለበሽተኛ ተስማሚ ነው።

ገቡ። ጫማቸውን አውልቀው በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ፣ ፋቲሓ አነበቡ። እያንዳንዱ ያመጣውን ከአልጋው እግር ሥር አኖረ፤ አንዱ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር፣ አንዱ ውሃ የነካው ቴምር፣ አንዱ ከሰመጠው አትክልት የተለቀመ ሎሚ። ምንም ያልተረፈው ሰው ባዶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ይቅርታ እናታችን» አለ። ሙዘሚል በጉልበቱ ተንበረከከ።

«አክስቴ፣ አጎቴ በትሩን ሲቀበሉኝ ‹አፍያ ይስጣት› ነበር ያሉት። ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኼ ነው። ስለ እርስዎ የተደረገ ዱዓ ነው። እንዲደርስዎ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አሚን» አሉ ሁሉም። ዓይናቸው ወደ እኔ መጣ፤ የቤቱ አባወራ ነኛ። «አሚን» አልኩ።

ሲትና እኔን አየችኝ። ከዚያ ክንዷን ተደግፋ ተቀመጠች፤ ግራ እጇን አነሣችና የሙዘሚልን ራስ ነካች።

«ደርሶኛል ልጄ» አለች። «ይኸው እጄ ታዘዘልኝ። እግራችሁ ፈወሰኝ።» ከአልጋው ወርዳ ቆመች። ወንዶቹ «አልሐምዱሊላህ!» እያሉ የሚያለቅሰው አለቀሰ፣ የሚስቀው ሳቀ። «ልጄ ለእኔ ብላ ነው የመጣችው። እኔ ከዳንኩ እዚህ ምን ትሠራለች? ቤቷ ሰው ሞቶበታል፤ ለቀስተኛ አለባት። ውሰዷት።»

«ቤት የለንም አክስቴ» አለ ሙዘሚል። «ድንኳን ውስጥ ነን። ከላይ ሌላ ውሃ እየመጣ ነው ይላሉ። እዚሁ ትቆይ፣ እኔ ፈቅጃለሁ።»

«እሄዳለሁ» አለች በቱል።

አፌን ከፈትኩ። አሥራ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ በአክብሮት፣ የሽማግሌ ቃል ለመስማት። ምን ልበል? እናትሽ ታማለች እንዳልል ቆማ ታየኛለች። ሌላው ምክንያት እውነቱ ነው፤ እውነቱን ደግሞ በዚህ ሰው ሁሉ ፊት፣ ይህን ሁሉ ሎሚና ቴምር እያየሁ፣ ማውጣት አቃተኝ። አሁንም ፈራሁ። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሲትና ይህን አውቃ ነው ያደረገችው።

እስከ ዳር ድረስ ተከተልኳቸው። ልጄ ጓዟን ራሷ ያዘች፤ ልቀበላት ስል እጇን አሸሸች። ኢማሙ ጨበጡኝና፣ «አብሽር፣ እንጠብቃታለን» አሉኝ። ዚያዳ ሞተሩን አስነሣ። ጀልባዋ በሰው ሞልታ ከውሃው እኩል ሆና ነበር የምትሄደው። በቱል መሐላቸው ተቀምጣ ነበር፤ ወደ እኔ አልዞረችም።

ሬዲዮው ሁለተኛው ውሃ እሑድ ይደርሳል ብሏል። ዕለቱ ዓርብ ነበር።